ቀለሙን የመረጠ አሠሪ ልብሱንም ይግዛ፦ የነርሶች የደንብ ልብስና የካሊፎርኒያ ሕግ ክፍተት

ከፓሎ አልቶ ተነሥቶ ወደ ሳን ሆዜ የሚወርድ ሰው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ በሦስት የተለያዩ ሕጎች የሚተዳደሩ ሦስት ሆስፒታሎችን ሊያይ ይችላል። የመጀመሪያው ስታንፎርድ ነው። አሠሪው የግል፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ስለሆነ ነርሶቹ በካሊፎርኒያ የደመወዝ ትእዛዞች ይጠበቃሉ። ሁለተኛው በዚያው በፓሎ አልቶ፣ በሚራንዳ ጎዳና ያለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ነው። እርሱ የፌዴራል ተቋም ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ሠራተኛውን ዩኒፎርም የሚያስለብስ መሥሪያ ቤት ልብሱን እንዲያቀርብ አለዚያም አበል እንዲከፍል ያዛል፤ የአበሉ ጣሪያ በዓመት 800 ዶላር ነው። ሦስተኛው በሳን ሆዜ፣ በባስኮም ጎዳና የሚገኘው ቫሊ ሜዲካል ሴንተር ነው። የሳንታ ክላራ ካውንቲ ንብረት በመሆኑ የስቴቱ የደመወዝ ትእዛዝ ስለ ዩኒፎርም የሚደነግገው ክፍል አይደርስበትም። በሦስቱም ቤት ነርሷ የምትሠራው ሥራ አንድ ነው፤ የምትለብሰውም ሱሪ ከአንድ ሱቅ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ዋጋውን ማን ይከፍላል ለሚለው ጥያቄ ግን ሦስት መልስ አለ፤ ከሦስቱ አንዱ ዝምታ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የሠራተኛውን ልብስ ቀለም የሚወስን አሠሪ፣ የግልም ይሁን የሕዝብ፣ ልብሱን ራሱ ይግዛ፤ ቀለም ሲቀይርም እንደገና ይግዛ። መግዛት የማይፈልግ አሠሪ ቀለም ከማዘዝ ይቆጠብ። ሕግ አውጪው ይህን በግልጽ ቃል ሊጽፈው ይገባል እንላለን፤ በሥራ ላይ ያለው ሕግ መርሁን ከያዘ ብዙ ዘመን ቢሆነውም በሁለት ቀዳዳዎች እየፈሰሰ ነውና።

ነጩ ቀዳዳ

ሆስፒታሎችን የሚመለከተው የኢንዱስትሪ ደኅንነት ኮሚሽን 5ኛ የደመወዝ ትእዛዝ፣ በ9ኛ ክፍሉ፣ አሠሪው ለሥራው ግዴታ ያደረገውን ዩኒፎርም ራሱ እንዲያቀርብና እንዲያስጠብቅ ያዛል። ዩኒፎርም ምን ማለት እንደሆነም ይተረጉማል፤ ልዩ ንድፍ ወይም ልዩ ቀለም ያለው ልብስና የልብስ ማሟያ ነው። «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ቀለሙ ብቻውን ይበቃል፤ አርማም ሆነ ጥልፍ አያስፈልግም። ይኸው ክፍል ስለ እጅ መሣሪያ ሲናገር ከዝቅተኛው ደመወዝ እጥፍ የሚያገኝ ሠራተኛ የሙያ መሣሪያውን ራሱ እንዲያመጣ ሊታዘዝ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለ ዩኒፎርም ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አላስቀመጠም። «የነርስ ደመወዝ ጥሩ ነው፤ ልብሷን ብትገዛ ምን አለበት?» የሚለው የመተላለፊያ ክርክር በሕጉ ውስጥ መቆሚያ የለውም።

ቀዳዳው የሚጀምረው ኮሚሽኑ ትእዛዙን ካብራራበት ቦታ ነው። በሙያው የተለመዱና በየትኛውም የሥራ ቦታ ሊለበሱ የሚችሉ መሠረታዊ ልብሶችን፣ ለምሳሌ ነጭ ሸሚዝ፣ ጠቆር ያለ ሱሪ፣ ጥቁር ጫማና ቀበቶ፣ ንድፋቸው ሳይወሰን ሲቀር አሠሪው ሳይገዛ ሊያዝ ይችላል ተባለ። የነርስ ነጭ ልብስ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ በጊዜው ትክክል ነበር። ነጭ ልብስ ያላት ነርስ ዛሬ በኦክላንድ፣ ነገ በሳን ሆዜ ብትቀጠር ያንኑ ልብስ ለብሳ ትገባለች፤ ልብሱ የሙያዋ እንጂ የአሠሪዋ አይደለም።

ያ ዘመን አልፏል። ነጩ ቀሚስና ቆቡ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየቀሩ ሄዱ፤ ቦታውን የያዘው ስክራብ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወጣ ልብስ ነው። የቀለም ለውጡ መነሻ አንዱ ደግሞ ከዚሁ ከእኛ ሰፈር ነው። በ1914 በሳን ፍራንሲስኮ ሴይንት ሉክስ ሆስፒታል ሐኪሙ ሃሪ ሼርማን የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አረንጓዴ አደረገ፤ በጠንካራ መብራት ሥር ነጩ ዓይን ያንጸባርቅ ስለነበርና አረንጓዴ የደም ቀይ ተቃራኒ ሆኖ ዓይንን ስለሚያሳርፍ ነው። ያ ቀለም የተመረጠው ለሥራው ነበር። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚታወጀው የቀለም ሠንጠረዥ ግን ዓላማው ሌላ ነው፤ ነርሱን ከረዳት ነርሱ፣ ረዳት ነርሱን ከመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያው፣ ያንንም ከጽዳት ሠራተኛው ለመለየት ነው። በአንዱ ቤት ጥቁር ሰማያዊ የነርስ ነው፤ በሌላው ቤት የደም ቀጂው ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ሠራተኛ የቀድሞ ልብሱን ይዞ መግባት አይችልም።

እዚህ ላይ የአሠሪዎች ክርክር በራሱ ገመድ ይታሰራል። ቀለሙ ለምን አስፈለገ ሲባሉ «ለመለየት» ይላሉ። ታዲያ ዋጋውን ክፈሉ ሲባሉ «ልዩ ቀለም አይደለም፤ በየሱቁ የሚሸጥ ተራ ስክራብ ነው» ይላሉ። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ አይችሉም። ቀለም ትርጉም እንዲሸከም የፈለገ ሆስፒታል በዚያው ውሳኔው ቀለሙን ልዩ አድርጎታል። በገበያ መገኘቱም የሕጉ መመዘኛ አይደለም፤ መመዘኛው ልብሱ በሙያው ውስጥ በየትኛውም ቦታ ማገልገሉ ነው።

አሠሪዎች በ2019 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተወሰነውን የታውንሊንና የቢጄስ ሬስቶራንቶችን ጉዳይ መጥቀስ ይወዳሉ። በዚያ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የማያንሸራትት ጥቁር ጫማ ዋጋ በሠራተኛ ሕጉ አንቀጽ 2802 መሠረት ለሠራተኛዋ እንዲተካ አላስገደደም። ነገር ግን እዚያ አሠሪው የአንድ የተወሰነ ድርጅት ጫማ ወይም የተወሰነ ንድፍ አላዘዘም ነበር። «በዚህ ቀለም፣ በዚህ ቅርጽ፣ ከዚህ አቅራቢ ግዙ» የሚል የሆስፒታል ማስታወቂያ ከዚያ ውሳኔ ጥላ ሥር አይገባም። ሆኖም አይገባም ብሎ የሚከራከር ማን ነው? ለ240 ዶላር ጠበቃ የሚያቆም ሰው የለም። ደንቡ የሚጣሰውም ይህ ስለሚታወቅ ነው።

ሂሳቡ

አክስቴ በምሥራቅ ቤይ በአንድ ሆስፒታል ረዳት ነርስ ናቸው፤ የሆስፒታሉ ስም ለነገሩ አስፈላጊ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተዳደሩ የረዳቶች ቀለም ከወይን ጠጅ ወደ ግራጫ እንዲለወጥ ወስኖ የሁለት ወር ጊዜ ሰጠ። አክስቴ በቁም ሣጥናቸው አራት ያላረጁ ስክራቦች ነበሯቸው። አራት ግራጫ ገዙ፤ ወይን ጠጆቹን ሰው ሲሄድ በሻንጣ ለደሴ ላኳቸው። ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር። «ደሴ ያሉት ነርሶች ቀለሙን ሳይጠይቁ ለበሱት» አሉኝ።

አንድ ሙሉ ስክራብ እንደ ጥራቱ ከ30 እስከ 100 ዶላር ያወጣል። በሳምንት ሦስት ወይም አራት የ12 ሰዓት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ከአራት ያነሰ ይዞ በምቾት አይኖርም። አንዱን በ60 ዶላር እንኳ ብናሰላው 240 ዶላር ይሆናል። ኤስቢ 525 የተባለው የጤና ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ ሲውል ለትልልቅ ድርጅቶች መነሻ ያደረገው በሰዓት 23 ዶላር ነበር። በዚያ ደመወዝ የአንድ ቀለም ለውጥ ታክስ ሳይቀነስ ከአሥር ሰዓት በላይ ሥራ ይበላል። ስቴቱ በአንድ እጁ የሰጠውን ሆስፒታሉ በቀለም ሠንጠረዥ መልሶ ይወስዳል ማለት ነው። ቀድሞ ይህ ወጪ ከፌዴራል ታክስ ሊቀነስ ይችል ነበር፤ የ2017ቱ የታክስ ሕግ ከ2018 ጀምሮ አገደው፤ በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ እገዳውን ዘላቂ አደረገው።

አጠባው ሌላ ታሪክ ነው። ደም ወይም ሌላ አደገኛ የሰውነት ፈሳሽ የነካውን ልብስ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ልብስ ጋር እንዲያጥብ የሥራ ደኅንነት ሕጉ አይፈቅድም፤ ኃላፊነቱ የአሠሪው ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ልብሱ የሠራተኛው የግል ንብረት ሲሆን ግን መስመሩ ይደበዝዛል፤ ሰው በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ሱሪ ለሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ትቶ ለመሄድ ያመነታል። ልብሱ የአሠሪው ቢሆን ይህ ማመንታት አይኖርም ነበር።

የሕዝብ ሆስፒታሎች ቀዳዳ

ሁለተኛው ቀዳዳ ከመጀመሪያው የሰፋ ነው። የደመወዝ ትእዛዙ አብዛኛዎቹ ክፍሎች፣ የዩኒፎርሙን ጨምሮ፣ በስቴቱ፣ በካውንቲዎችና በከተሞች በቀጥታ የተቀጠሩ ሠራተኞችን አይመለከቱም። በአንቀጽ 2802 በኩል ለመግባት የተደረገው ሙከራም በ2005 «የሥራ ዩኒፎርም ጉዳዮች» ተብሎ በሚታወቀው ውሳኔ ተዘጋ። ፍርድ ቤቱ አንቀጹ የመንግሥት አሠሪዎችን ለዩኒፎርም ወጪ እንደማያስገድድ ወሰነ። በኦገስት 2024 ደግሞ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦክላንድ የሃይላንድ ሆስፒታልን በሚያስተዳድረው በአላሚዳ ሄልዝ ሲስተም ላይ በቀረበው ክስ፣ የምግብና የዕረፍት ሰዓት ድንጋጌዎች ይህን የሕዝብ ተቋም እንደማያስገድዱ በየነ። ከሳሾቹ የሃይላንድ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ያ ጉዳይ ስለ ልብስ አልነበረም፤ ነገር ግን ለሕግ አውጪው ረዳቶች ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሕዝብ ሆስፒታል ሠራተኛ እንዲካተት የሚፈልግ ረቂቅ ይህንኑ በቃል መጻፍ አለበት።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ተደርጓል። ኤስቢ 1334 ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በሕዝብ ሆስፒታሎች ሕሙማንን በቀጥታ ለሚንከባከቡና ያንን ሥራ ለሚደግፉ ሠራተኞች የምግብና የዕረፍት ጊዜ መብት ሰጠ። ኤቢ 2588 ደግሞ ከ2021 ጀምሮ አጠቃላይ ሆስፒታሎች ግዴታ ያደረጉትን ሥልጠና ወጪ ለነርሶቻቸው እንዲሸፍኑ አንቀጽ 2802.1ን ጨመረ። ሥልጠናን የሚመለከት 2802.1 ካለ ልብስን የሚመለከት ጎረቤት አንቀጽ ለመጻፍ ድፍረት እንጂ አዲስ ፍልስፍና አያስፈልግም። ኮሚሽኑ ራሱ ትእዛዙን ያስተካክል የሚል ካለ፣ የኢንዱስትሪ ደኅንነት ኮሚሽን በጀቱ ከተቋረጠ ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ የለም። ትእዛዞቹ ይኖራሉ፤ የሚያሻሽላቸው አካል የለም። በሩ ያለው በሳክራሜንቶ ብቻ ነው።

«ሕመምተኛው ነርሱን ይለይ»

ከተቃዋሚዎቻችን ክርክሮች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። በመድኃኒት የደከመ፣ መነጽሩን ያወለቀ አረጋዊ በክፍሉ ከሚገቡት አሥር ሰዎች መካከል ነርሷ የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። በ2008 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት አዋቂ ሕሙማን ለነጭ ልብስ ከፍ ያለ የሙያ ብቃት ግምት እንደሚሰጡ አሳይቷል። ለእኛም ነጭ ጋውን ባዕድ አይደለም፤ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነት ሙያ ከተማሩት ከልዕልት ፀሐይ ጀምሮ በኢትዮጵያ የነርስ ምስል ነጭ ለባሽ ነው።

ይሁንና ለዚህ ችግር ካሊፎርኒያ አስቀድማ መፍትሔ ደንግጋለች። የንግድና የሙያ ሕጉ አንቀጽ 680 የጤና ባለሙያ በሥራ ላይ ሳለ ስሙንና የፈቃዱን ዓይነት ቢያንስ በ18 ነጥብ ፊደል በተጻፈ ባጅ እንዲያሳይ ያዛል። «ነርስ» የሚል ጉልህ ባጅ የሚነግረውን ቀለም አይነግርም፤ ሠንጠረዡን የሚያውቀው ሆስፒታሉ እንጂ ትናንት ማታ የገባው ሕመምተኛ አይደለም። አሳንሰሩ ውስጥ የተለጠፈውን የቀለም ማብራሪያ ቆሞ የሚያነብ ሕመምተኛ አይቼ አላውቅም።

ቀለም ይረዳል ብለን እንቀበል እንኳ፣ ከዚያ የሚከተለው «ሆስፒታሉ ይግዛው» ነው። ስኮትላንድና ዌልስ ለጤና አገልግሎታቸው በደረጃ የተለየ ብሔራዊ የቀለም ሥርዓት አላቸው፤ ልብሱን የሚያቀርበው ግን አሠሪው ነው። የቀለም ጥቅም ለሕመምተኛውና ለተቋሙ ከሆነ ሂሳቡን ለረዳት ነርሷ መላክ ምን ዓይነት አመክንዮ ነው?

ከቀለም ባሻገር

የአለባበስ ደንብ በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ነገር ይደርባል። የቀለሙ አንቀጽ ሲወጣ አብረውት «በአንገት ላይ ምንም ነገር አይታሰር»፣ «ጸጉር እንዲህ ይሁን»፣ «ያልተፈቀደ ፒን ክልክል ነው» የሚሉ ይመጣሉ፤ የእኛን ማኅበረሰብ አባላት ብዙ ጊዜ የሚነኩትም እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ሠራተኛው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ኤቢ 1964 ሃይማኖታዊ አለባበስን በሰፊው ይተረጉማል፤ የራስ መሸፈኛ፣ ጌጥና ሌላም የእምነቱ አካል የሆነ ነገር ይገባበታል። የኦርቶዶክሱ ማተብና የሙስሊሟ ሒጃብ በዚህ ሥር ናቸው። አሠሪው ማስተናገድ ከባድ ችግር ወይም ወጪ እንደሚያስከትልበት ማሳየት አለበት፤ ሠራተኛውን ከሰው ዓይን ወደተሰወረ ቦታ ማዛወርንም ሕጉ እንደ ማስተናገድ አይቆጥረውም። ማተቡን ከልብሱ ሥር ማድረግ የሚበቃ ሆኖ ሳለ «ቁረጠው» የሚል ኃላፊ ከሕጉ ጋር ተጋጭቷል። ሹሩባን በተመለከተ ካሊፎርኒያ በ2019 ኤስቢ 188ን በማጽደቅ በጸጉር አሠራር ምክንያት ማግለልን የከለከለች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት።

ፒኑም ቀላል ነገር አይደለም። በሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ሆስፒታሎች በቀጥታ ሕክምና በሚሰጥባቸው ቦታዎች የማኅበር ምልክቶችን የመገደብ ሰፋ ያለ መብት አላቸው፤ ይህ መብት ግን ያለ ማስረጃ የሚሠራ አይደለም። ካሊፎርኒያን የሚያካትተው የ9ኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2008 በዋሽንግተን ስቴት ነርሶች ማኅበር ጉዳይ፣ በቂ ነርስ እንዲመደብ የሚጠይቅ ፒን ሕሙማንን እንደሚረብሽ ሆስፒታሉ ማስረጃ ስላላቀረበ እገዳው ሕገወጥ ነው ብሏል።

ምን ይጻፍ

ረቂቁ አጭር ሊሆን ይችላል። በማናቸውም የጤና ተቋም፣ የግልም ይሁን የሕዝብ፣ አሠሪው የልብስ ቀለም፣ ንድፍ ወይም አቅራቢ ከወሰነ ልብሱ «በሙያው በየትኛውም ቦታ የሚያገለግል» ነው የሚለው መከላከያ እንዳይነሣ ይደንግግ። ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሳምንታዊ ፈረቃውን የሚሸፍን ብዛት ይሰጥ፤ ቀለም በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ከመታዘዙ በፊት ይቅረብ። አበል የሚመርጥ አሠሪ አበሉን ከግዢው በፊት ይክፈል፤ ደረሰኝ ይዞ ሦስት ወር መጠበቅ መብት አይባልም። ባለመብቱ ሠራተኛ ለሌበር ኮሚሽነር ሲያመለክት የማስረዳት ሸክሙ በአሠሪው ላይ ይሁን።

የካውንቲዎች ጠበቆች ሕገ መንግሥቱን እንደሚያነሡ እንጠብቃለን። የሠራተኛን ክፍያ የመወሰን ሥልጣን የካውንቲው ነው፤ የ2005ቱም ውሳኔ ይህን አንሥቷል። ረቂቁ ሊመልስ የሚገባው ለካውንቲው ምርጫ በመተው ነው። ስቴቱ ካውንቲው ምን ያህል እንዲከፍል አይወስንም፤ ቀለም እንዲያዝም አያስገድደውም። ካውንቲው ቀለም ካላዘዘ የሚያወጣው ሳንቲም የለም።

«ለኅብረት ድርድር ተዉት» የሚሉም አሉ፤ ከእነርሱ መካከል ወዳጆቻችን ይገኛሉ። በኤፕሪል 2022 በስታንፎርድና በሉሲል ፓካርድ የሕፃናት ሆስፒታል 5,000 ያህል ነርሶች በማኅበራቸው በክሮና አማካይነት ሥራ ሲያቆሙ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት የሰው ኃይል እጥረት፣ ደመወዝና የአእምሮ ጤና ነበሩ። እንዲህ ባለ ድርድር ውስጥ የሱሪ ዋጋ የሚነሣው ለሌላ ነገር ሊለወጥ ነው። ማኅበር የሌላቸው ረዳት ነርሶች ደግሞ የሚደራደርላቸው የለም። ካሊፎርኒያ በ1999 በኤቢ 394 የነርስና የሕሙማንን ጥምርታ በሕግ ስትወስን ነገሩን ለድርድር አልተወችውም።

በሳክራሜንቶ አዲስ ረቂቅ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ነው፤ ለሕግ አርቃቂዎች ጽሕፈት ቤት ጥያቄ የሚገባበት ቀን ደግሞ በጃንዋሪ ይቀድማል። እስከዚያ ድረስ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች በየወረዳቸው ያሉ ሆስፒታሎችን ሦስት ነገር ቢጠይቁ እንመክራለን፤ በሥራ ላይ ያለውን የቀለም ሠንጠረዥ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደተለወጠ፣ በእያንዳንዱ ለውጥ ልብሱን ማን እንደገዛ። አክቲቪስቶች ደግሞ የቀለም ለውጥ ማስታወቂያዎችን ከነቀናቸው፣ የግዢ ደረሰኞችንም ከነዋጋቸው ይሰብስቡ፤ የኮሚቴ ምስክርነት ሲጠራ በእጅ ያለ ደረሰኝ ከማናቸውም ንግግር ቀድሞ ይነበባል።